ርእስ ያልነበረው ወረቀት

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን የጉዱ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ነው። ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ የሚጻፈው በእኔ እጅ ነበር። በትውልድ ከተማዬ በዘመሮ፣ ገበያ ላይ ማመልከቻ የቸገረው ሰው እናቴን «ያቺ እጀ መልካሟ ልጅሽ የለችም?» እያለ ይጠይቃት ነበር። ያ መልካም እጅ ነው እንግዲህ አንድ ከተማ የሚተነፍስበትን መስክ ለጥቂት ያላስበላው። ዛሬም ከላዩ ባዶ ሆኖ ፊርማ ብቻ የተደረደረበት ወረቀት ካየሁ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። መንዝ ውስጥ ያለች፣ ከጓሳ የደጋ ሣር ምድር በኩል የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት የሚገርፋት ትንሽ ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊም ቃለ ጉባኤ ያዥም እኔው ነበርኩ። እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሕልሜ የራሴ በር ያለው የራሴ ቤት ነበር። ሌላ ሕልም አልነበረኝም፣ አልዋሽም።

መስኩ ከአስፋልቱ በታች ነው። ኳስ ሜዳ ሦስት አራቱን ያህላል፤ ዙሪያውን ጽድ ቆሞበታል፣ ከግርጌው ምንጭ አለ። ለጥምቀት ታቦት የሚያድረው እዚያ ነው። ተማሪ ለፈተና የሚያነበው ከጽዶቹ ሥር ነው፤ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው፤ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ያላቸው የስኳር ሕመምተኞች በየጠዋቱ በርኖሳቸውን ደርበው የሚዞሩት እዚያ ነው። በከተማው ማስተር ፕላን ላይም አረንጓዴ ተቀብቶ «የሕዝብ መናፈሻ» የሚል ተጽፎበታል።

መስኩን ያቆዩት ጋሽ እሸቴ ናቸው። የደን ጥበቃ ሠራተኛ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጥበቃውን ያልተዉ ሰው። አባታቸው ጓሳን ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እዚያ ሣሩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ እንዳለው፣ ሲዘጋ በግ የሚያስገባም ማጭድ የሚያሳርፍም እንደሌለ ልጅ ሆነው አይተዋል። ያንኑ ደንብ ወደ ከተማው መስክ አመጡት። ክረምት ሲገባ «ተዘግቷል» ይላሉ፤ አለቀ። ሣሩ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ነገ ይከፈታል» ተብሎ ይነገራል፤ ያለው የሌለው ሳይባል ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። ዘበኛ የለም፣ አጥር የለም፣ የጋሽ እሸቴ ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ፣ ከአስፋልቱ ጋር ዐይን በዛ። ባዶ መሬት የሚያይ ሰው ሁሉ ሆቴልና ማደያ ይታየው ጀመር። በዚህ መሃል አቶ ማስረሻ የሚባል ኃላፊ ተሾመልን። ደንቡ አንቱ ማለት ነው፤ ሥራ ላይ ሳለሁ አንቱ እለው ነበር። አሁን ግን እጄ እምቢ ስለሚለኝ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ። ከአፉ ስንጥር የማይለይ፣ ሲናገር ከሁለት ቃል አንዱ «ልማት» የሆነ ሰው ነው። ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ በገዛ እጁ አንድ አረፍተ ነገር ሲጽፍ አላየሁም። በቃል ያዛል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ይፈርማል። ያኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ጅል!

ቢሯችን አንድ ልማድ ነበረው። ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሰው ስምና ፊርማ ይሰበሰባል፤ የወረቀቱ ራስ ግን፣ ስብሰባው ስለምን እንደሆነ የሚገልጸው ርእስ ማለቴ ነው፣ ባዶ ይተዋል። ሰው ቶሎ ስለሚበተን ፊርማው አያምልጠን ነው ነገሩ። ርእሱን ቢሮ ስንመለስ እንሞላዋለን። ማንም ክፉ አስቦ የጀመረው ልማድ አልነበረም።

በሐምሌ መስኩ ላይ ችግኝ ተከላ ተጠራ። ዝናቡ ያካፋል፣ መሬቱ እግር ይውጣል፣ ሠላሳ አንድ ሽማግሌዎች ተገኝተዋል። እኔ ወረቀቴን በላስቲክ ሸፍኜ ፊርማ አሰባስባለሁ። የአሻራ ቀለሙን ቢሮ ረስቼው ነበርና መጻፍ የማይችሉትን ምን ላድርጋቸው ብዬ ስጨነቅ ጋሽ እሸቴ ሳቁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀለም ጠፋ ብለሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው? ይኸውልሽ!» አሉና ችግኝ ሲተክሉበት የነበረውን አውራ ጣታቸውን ከስማቸው ፊት ለፊት አተሙት። ጥቁር ጭቃ። ስማቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ወረቀት ነው» አልኳቸው።

«እሱ የመንግሥት ወረቀት፣ ይኼ የመስኩ አፈር። ይተዋወቁ!» አሉና ወደ ችግኛቸው ተመለሱ። ሁላችንም ሳቅን። ሌሎችም መጻፍ የማይችሉ እየተከተሉ በጭቃ አተሙ።

ወረቀቱ እንደተለመደው ራሱ ባዶ ሆኖ ክላሰሬ ውስጥ ከረመ።

የገና ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ቅበላ ላይ፣ አቶ ማስረሻ ክላሰሬን ይዤ ወደ አንድ ሥጋ ቤት እንድመጣ አስጠራኝ። ጓዳው ውስጥ ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። የመስኩን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የሥጋውን ትሪ ከላዩ አሳርፈውበታል። አረንጓዴው ቀለም ላይ አዋዜ ፈስሷል። አንደኛው ሰውዬ በወዛም ጣቱ መስመር እያሳየ «ማደያው እዚህ፣ የእኔ ሆቴል እዚህ» ይላል፤ ሌላው ጮማውን እያላመጠ «ምንጩስ?» ይላል፤ «ምንጭ ምን ችግር አለው፣ ይደፈናል» ይላል አቶ ማስረሻ። ያን ጓዳ ሳስታውስ እስከ ዛሬ የሥጋው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

«ብዙዬ፣ ነይ ቅመሺ። ያ የሐምሌው ወረቀት አለ አይደል? የሽማግሌዎቹ?» አለኝ።

«አለ። ርእሱን ገና አልሞላሁትም።»

«ጎበዝ! በይ አሁን እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ በዚያች ቆንጆ ጽሑፍሽ ሙዪው።»

ስንጥሩን ከአፉ ሳያወጣ አስጻፈኝ፤ በዚህ በኅዳር ወር የከተማው ሽማግሌዎች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው መስኩ ለኮሪደር ልማትና ለቅይጥ አገልግሎት ተሸንሽኖ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ጠየቁ የሚል።

«አቶ ማስረሻ፣ ይህ ፊርማ እኮ የችግኝ ተከላው ነው» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ችግኙም ልማት ነው፣ ይኼም ልማት ነው። ምን ለየው?» ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ጣቱን ፕላኑ ላይ ጫን አደረገ። «ይቺን ታያለሽ? አሥራ ሰባት ቁጥር። ሁለት መቶ ካሬ። እስካሁን ስም የላትም። እስከ መቼ የሰው በር እያንኳኳሽ ትኖሪያለሽ?»

ጻፍኩ። ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩበት። ወደ ቤቴ ስመለስ በመስኩ በኩል አልፌ አሥራ ሰባት ቁጥር የቱ ጋ እንደሚያርፍ በእግሬ ለካሁ። ለግቢዬ ጥላ ስለሚሆኑኝ ከጽዶቹ ሁለቱ ሳይቆረጡ ቢቀሩልኝ ብዬም ተመኘሁ። ብዙ ሰው ታዝቤ ተጸይፌያለሁ፤ የዚያን ቀኗን ብዙነሽን ያህል ግን ማንንም አልጸየፍም።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዶዘር መጣ። ቅዳሜ የተመረጠው ታስቦበት ነው፤ ፍርድ ቤት ዝግ ስለሆነ እግድ የሚያወጣ የለም፤ ሰኞ እግዱ ቢወጣም ጽዶቹ አይኖሩም። ሰዉ ለበዓሉ መስኩን ሊያጸዳ ወጥቶ ነበርና ለሽንሸናው የተተከሉትን ችካሎች ያየው ያኔ ነው። አንደኛው ችካል የታቦቱ ድንኳን በሚተከልበት ቦታ መሃል ላይ ነበር። እኔ ክላሰሬን አቅፌ ከአቶ ማስረሻ ኋላ ቆሜያለሁ።

ዶዘሩ የመጀመሪያውን ጽድ ሊገፋ ሲጠጋ ጋሽ እሸቴ መሃል ገቡ። ዱላ አላነሱም፣ ድንጋይ አልወረወሩም። አንድ እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ።

«በሕግ አምላክ!»

በአገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። የሚሮጥ ሩጫውን፣ ሊማታ ዱላ ያነሳ ዱላውን ያቆማል። የዶዘሩ ሹፌር ከእኛ ብዙ በማትርቀው በራቤል ከተማ ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ነበር። ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«ምን ሆንክ?» ብሎ ጮኸ አቶ ማስረሻ።

«በሕግ አምላክ ብለውኛል።»

«ሕጉ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ከእሳቸው ጋር ይነጋገሩ። እሳቸው ሳይፈቱኝ ቁልፉን አላዞርም» አለና የዶዘሩን የብረት ሰንሰለት ተደግፎ ቆመ።

አቶ ማስረሻ ወደ እኔ ዞረ። «አንብቢላቸው!»

አነበብኩ። ያን በቆንጆ ጽሑፍ የጻፍኩትን ቅጥፈት በሕዝብ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ስሞቹን። «አንደኛ፣ አቶ እሸቴ፣ የጣት አሻራ...»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዓመት ስንት ወረቀት ይቀርብላቸዋል፤ የማዳበሪያ፣ የመንገድ፣ የውሃ። የትኛው ላይ ምን ብለው እንደፈረሙ ማን ያስታውሳል? ሁሉም ፈራ። ከመሃላቸው አንዱ «እኔ እንኳ ጋሽ እሸቴ ቀድመው ሲፈርሙ አይቼ ነው» አለ። ሌላውም «እኔም፣ እኔም» አለ። በቃ፣ ሠላሳ ሰው ሸክሙን አውርዶ አንድ ሰው ጀርባ ላይ ጫነው። ዐይኔ እያየ ነው የተጫነው።

«የእኔ ጣት?» አሉ ጋሽ እሸቴ። አውራ ጣታቸውን አዩት፣ ልክ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ።

የእኔ አከራይ እትዬ ሸዋዬ ከሰዉ መሃል ወጡ። ከጋሽ እሸቴ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጡ ሴት ናቸው። በጋሽ እሸቴ እግር ሥር ምራቃቸውን ተፉ።

«ጋሽ እሸቴ! እኛን ሣር እንዳንነካ እየከለከሉ ለካ ለራስዎ ነበር የሚጠብቁት? ስንት ካሬ ሰጡዎት? ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን ደጃፍ እንዳይደርሱ!»

ጋሽ እሸቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ወረቀቱን በሐምሌ ማን ይዞት እንደመጣ እሳቸው አልረሱም። ዐይኔን ሰበርኩ።

የደብሩ ቄስ አባ ኃይለ ማርያም ግርግሩን በመስቀላቸው አበረዱ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ አውጫጭኝ ይቀመጥ። መስኩን የሸጠው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም» አሉ። አቶ ማስረሻ ሳቀ። «ይቀመጥ! እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እታገሳችኋለሁ» አለ። ሕዝቡ ራሱ ሽማግሌውን ሲበላቸው እያየ ምን ያስቸኩለዋል?

ያን ዕለት ምሽት እትዬ ሸዋዬ የሽሮ ፍትፍት ይዘውልኝ መጡ። እያለቀሱ «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ የሰጡሽን ነው ያነበብሽው። እኔን ያቃጠለኝ የእሳቸው ነው» አሉኝ። አንዴ ጎርሼ ሳህኑን መለስኩላቸው።

አውጫጭኝ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ሕዝቡ ሁሉ ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። «ያየሁትን አልሸሽግም፣ ያላየሁትን አልጨምርም» ብሎ ይምላል። ከዚያ እያንዳንዱ በተራው ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ የሚያውቀውን ይናገራል። ምስጢሩን የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ አይገለጽም፤ «ወፍ ነገረችን» ይባላል እንጂ። ሽማግሌ ወፉን ከሚያሳይ አንገቱን ቢሰጥ ይመርጣል። ድሮ ቀርቷል ብዬ ነበር፤ ለመስኩ ሲሉ አነሱት።

እሑድ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ሰዉ በርኖሱንና ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳውን ሞላው። አባ ኃይለ ማርያም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ትልቁ ጽድ ሥር ተቀመጡ። ዶዘሩ ቆሟል፣ ሹፌሩ ከጎኑ ቆሟል። ጋሽ እሸቴ ብቻቸውን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአሥር እርምጃ ዙሪያቸው ማንም የለም። አቶ ማስረሻ ከአስፋልቱ ወንበር አስመጥቶ እግሩን አጣምሮ ይጠብቃል። ያ ወንበር ራሱ አስጠላኝ፤ አገር መሬት ላይ ተቀምጦ እሱ ወንበር ላይ።

ሰዉ አንድ በአንድ እየሄደ «አላውቅም» እያለ ተመለሰ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ቁርስ የቀመሰ የለም። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የስኳር ሕመምተኞቹ ሳይቀሩ አልተነሱም። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ እጠብቃለሁ፤ በየደቂቃው ዐይኔ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ሽማግሌው አንገታቸውን አልደፉም። ቢደፉ ይሻለኝ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። አባ ኃይለ ማርያም ፊት ተንበረከኩና ስለ ሥጋ ቤቱ ጓዳም፣ ስለ ርእሱም፣ ስለ አሥራ ሰባት ቁጥርም በሹክሹክታ ዘረገፍኩት።

አባ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እንደ ወፍ ነው የምትናገሪው፣ ልጄ?»

«አዎ አባ። እንጀራዬ ነው።»

«እንግዲያው ስምሽ ከዚህ ጽድ አያልፍም።»

ስመለስ ቀለል አለኝ። አዎ፣ ቀለል አለኝ! መስኩ ይድናል፣ ጋሽ እሸቴ ይነጻሉ፣ እኔም ሰኞ ቢሮዬ እገባለሁ ብዬ አሰብኩ። ሳይጎድልብኝ ልጸድቅ።

አባ ተነሱ። «ወፍ ነግራናለች። ፊርማው ለችግኝ የተሰበሰበ ነው። ርእሱ በኋላ የተጻፈ ሐሰት ነው። እሸቴ ንጹሕ ነው» አሉ።

ሕዝቡ ሲንጫጫ አቶ ማስረሻ ከወንበሩ ሳይነሳ አጨበጨበ። «ወፍ! እኔ ፊርማና ማኅተም ይዤ እናንተ ወፍ ትሉኛላችሁ? የትኛው ፍርድ ቤት ነው በወፍ ምስክርነት የሚፈርደው? እስቲ ወፏን አሳዩኝ!»

አባ ኃይለ ማርያም ወደ እኔ አቅጣጫ እንኳ አላዩም።

«አየህ?» አለ አቶ ማስረሻ ለሹፌሩ። «ወፍ የለችም። በሕግ አምላክ ያለህም ራሱ የፈረመ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ግባ!»

ሹፌሩ ወደ ጋሽ እሸቴ ሄደ። «አባቴ፣ ፈርመው ከሆነ ያሰሩኝ ቃል አይዘኝም። እውነት ጣቱ የእርስዎ ነው?»

«ጣቱ የእኔ ነው። ያተምኩት ግን ለችግኝ ነው።»

«የሚያውቅልዎት ሰው አለ?»

«አለ። ግን እኔ በሰው እንጀራ አልገባም። ራሱ ካልተናገረ አልናገርም።»

ሹፌሩ አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ዶዘሩ ወጣ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጭሱ ጽዶቹ ላይ ወጣ። እትዬ ሸዋዬ እሪ አሉ። ሁለቱ ጽዶች፣ ለግቢዬ የመረጥኳቸው፣ ከዶዘሩ ፊት ለፊት ነበሩ።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ጮህኩ።

«ወፏ እኔ ነኝ!»

ሞተሩ ጠፋ። አቶ ማስረሻ ስንጥሩ ከአፉ ወደቀ።

«ቁጭ በይ፣ አንቺ!» አለኝ። «አሟታል! ወረቀቱን ተቀበሏት!»

ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጣሁት። «ይህን ርእስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦታ ሊሰጡኝ ነበር፣ እዚህ፣ እነዚህ ሁለት ጽዶች ያሉበት። ሽማግሌዎቹ በኅዳር አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ ይላል። ኑና እዩ፤ አሻራው ቀለም አይደለም፣ ጭቃ ነው። በኅዳር፣ ሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ፣ ጭቃ ከየት መጣ?»

መጀመሪያ የቀረቡት እትዬ ሸዋዬ ናቸው። የጋሽ እሸቴን አሻራ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ደረቅ ጥቁር አፈር መዳፋቸው ላይ ረገፈ። አሸተቱት። ከዚያ ምንም ሳይሉ እንደያዙት ወደ ድንጋዩ ሄደው ከጋሽ እሸቴ እግር ሥር ተደፉ። ሠላሳዎቹም ተከተሉ፤ አንዳቸውም ግን ቀና ብለው ሊያዩዋቸው አልቻሉም።

ሹፌሩ ዶዘሩን ወደ አስፋልቱ መለሰው። ሰዉ ችካሉን በእጁ እየነቀለ ከመረው፤ በሳምንቱ ለታቦቱ ድንኳን ካስማ ሆነ። ጋሽ እሸቴ ሁሉንም ይቅር አሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ግን አላዩኝም።

አሸነፍን ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ስሙኝ። ሰነድ አጭበርብራለች ተብዬ ከሥራ የተባረርኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉ የእኔ ነዋ! የአቶ ማስረሻ እጅ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተገኘም። ወዲያው ከዚህ ወደሚበልጥ ከተማ ተዛወረ፣ ወንበሩም ከበፊቱ ይሰፋል ይባላል። እዚያም መናፈሻ ካለ እግዜር ይጠብቀው። በአስፋልቱ ዳር የነበሩት አራት ቦታዎች ደግሞ ቀደም ብለው በሌላ ወረቀት ተሰጥተው ስለነበር በቆርቆሮ ታጥረው ቀሩ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ የጓዳው ሽታ ይመጣብኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በከተማችሁ ያለውን ሜዳ ሌባ በጨለማ መጥቶ የሚወስደው እንዳይመስላችሁ። እንደ እኔ ያለች፣ የቤት ኪራይ የሰለቻት፣ ሰላም ስትላችሁ ፈገግ የምትል ጸሐፊ ናት በብዕር የምታስረክበው። እኔ ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገፈግፈኝ።

አሁን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በላስቲክ ዳስ ሥር ማመልከቻ እጽፋለሁ። እትዬ ሸዋዬ ከግቢያቸው አላስወጡኝም፤ ፍትፍቱ ግን ቀርቷል። ጋሽ እሸቴ በፊቴ ስንቴ አለፉ፣ ስንቴ ብድግ አልኩላቸው፤ አንድም ቀን አልቆሙም። በዚህ በሐምሌ ግን፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ ዳሱ ፊት ቆሙ።

«ችግኝ አለ። ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ተከትያቸው ሄድኩ። የሰዉ ዐይን ይለበልበኛል። መስኩ እንደዚያን ጊዜው እግር ይውጣል። ወረቀቱን ዘርግቼ በለመደው እጄ ከላይ ቦታ ትቼ ቁጥር አንድ ብዬ ስማቸውን ልጽፍ ስል፣ «ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ ራሱን ጻፊበት።»

ጻፍኩ። የሕዝብ መናፈሻችን ላይ ችግኝ ለመትከል የተገኘን ሰዎች ስም፣ ለዚህ ብቻ።

«አንብቢው።»

አነበብኩላቸው።

«ሰዉ አልሰማም። ድገሚው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዝናቡ ወረቀቱን እያበሰበሰው፣ ደግሜ አነበብኩ። ጋሽ እሸቴ እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ የነከሩት።